መቶ የሚል ባትሪ

የየሺመቤት ስልክ ድንገት መጥፋት የጀመረው የካቲት ውስጥ ነው። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ይነሳል፤ ረፋዱን ደህና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ግማሹ አለ ሲባል፣ ድርግም ይላል። ትንሽ አርፎ ሲነኩት ደግሞ ይነሳና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሥራውን ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የሺመቤትም ብትሆን “አርጅቷል፤ እንደ ባለቤቱ” ብላ ትስቅ ነበር። የሰማትም አብሯት ይስቃል።

ባለቤቱ ደሴ ውስጥ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ደንበኞቿ ልብስ ሰፊዎች ሲሆኑ፣ ግማሾቹ የሚመጡት ክር ሊገዙ ነው፤ ግማሾቹ ደግሞ ክሩን ሰበብ አድርገው ችግራቸውን ሊያወሩ። ሁሉንም ትሰማለች። ሰላምታዋ ራሱ ረጅም ነው፤ ልጆቹን፣ አማቾቹን፣ በገጠር የቀሩትን ላሞች ሳይቀር ጠይቃ ነው ወደ ጉዳዩ የምትገባው። ከዚያ ወር ወዲህ ግን የሱቋን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆም ማለት ጀምራለች። ሰው ካያት መንገድ የምታይ ትመስላለች። ይህንንም ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ታናሽ ወንድሟ ይመር ግን አየ። ይመር በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ትርፍ ሰው ጭኖ ለትራፊክ ፖሊስ “ዘመዶቼ ናቸው” ለማለት ዓይኑን አያሽም፤ እህቱ ፊት ሲዋሽ ግን ሳያውቀው አፍንጫውን ያሻል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው የሺመቤት ናት። አንድ ማለዳ ሚኒባሱን አቆመና፣ እምቢ አሻፈረኝ እያለች፣ ይዟት ሆስፒታል ሄደ።

በእኛ አገር በሽታ የታማሚው አይደለም፤ የዘመድ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አገላብጦ ካየ በኋላ መነጽሩን አወለቀና “አብሯት የመጣ ሰው አለ?” አለ። የሺመቤት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች፤ ይመር ገባ፤ በሩ ተዘጋ። ስለ ልቧ በሚወራበት ክፍል ውስጥ የጎደለችው ባለልቧ ብቻ ነበረች። ይህንን ማንም ክፉ ነገር ነው አይለውም። እንዲያውም ደግነት ነው ብለን ልጆቻችንን ያስተማርነው ነው።

ሐኪሙ ልቧ በጣም እንደደከመ፣ ቢከፈት ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚብስ፣ በመድኃኒትና በጥንቃቄ ጥቂት ወራት ልትቆይ እንደምትችል ነገረው። ይመር ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሷ አልመጣም። በጓሮ ዞሮ ፊቱን ታጥቦ መጣ።

“ደም ማነስ ነው” አላት። “ቫይታሚን አዞልሻል።”

“ተመስገን” አለች የሺመቤት፣ አፍንጫውን ሲያሽ እያየችው።

ማታውኑ ዘመድ ተሰብስቦ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ለእሷ አይነገርም። ሁለተኛ፣ ለልጇ ለሐመልማል አይነገርም። ሐመልማል ጅማ ምህንድስና የምትማር አንድያ ልጇ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ “ፈተናዋን ትጨርስ፣ ትመረቅ” ተባለ።

እዚህ ላይ የእናትና የልጇ ነገር መነገር አለበት፤ ሁሉም የሚዞረው በሱ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ሐመልማል ለእረፍት መጥታ እናቷን ደክማ ብታያት “ትምህርቱን ላቋርጥና ሱቁን ልያዝልሽ” አለቻት። የሺመቤት ሰማይ የተደፋባት መሰላት። ስንት ዓመት ክር ሸጣ ያስተማረቻት ልጅ፣ ተመልሳ ክር ልትሸጥ! አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች። “ሳትመረቂ ፊትሽን እንዳላይ!” አለቻት። ቁጣ ነበር፤ በማግስቱ ውስጧን ቆጫት። ልጅቷ ግን የእናቷ ልጅ ናትና ቃሉን ይዛው ሄደች። ለገና አልመጣችም፤ ለጥምቀትም አልመጣችም። በስልክ ሲገናኙ “ደህና ነሽ?” “ደህና፤ አንቺስ?” “ደህና” ተባብለው ይዘጋሉ። ያን ሁሉ ሰው ስለ ላሞቹ የምትጠይቅ ሴት ከገዛ ልጇ ጋር ወሬ ታጣለች።

የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በሩ እስኪከፈት ስትጠብቅ የሺመቤት አንድ ነገር ቆርጣ ነበር፤ ዛሬውኑ ደውላ ያን ቃል ልታነሳ። ይህ ቃል ሳይነሳ መቅረቱ ከምንም በላይ አስፈርቷታል። ወንድሟ “ደም ማነስ ነው” ሲላት ፍርሃቱ ትንሽ ቀለል አለላት። ሙሉ በሙሉ ግን አላመነችውም፤ ጥሪውንም ነገ ነገ እያለች አሳደረችው።

በዚያው ሳምንት ይመር ስልኳንም ሊያሳይላት ወሰዳት። ሐኪሙ ያቃተውን በስልኳ ሊክሳት ፈልጎ ይሆናል። ጠጋኙ ኑረዲን ይባላል፤ ሱቁ ፒያሳ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከማጎንበስ ብዛት አንገቱ የተቆለመመ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። የሺመቤትን ደጅ በርጩማ ላይ አስቀመጣትና “እትዬ፣ አረፍ ይበሉ፤ እኔና ይመር እናየዋለን” አላት። እሷም ተቀመጠች። ውጭ ተቀመጪ መባል ለምዶባታል።

ኑረዲን ሴቲንግ ገብቶ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየውን ገጽ ከፈተና ከንፈሩን መጠጠ።

“ከመቶ ስልሳ ነው የቀረው” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ጠዋት ጠዋት መቶ ሞላ ይል የለም እንዴ?”

“እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ሞላ የሚልህ ባለው አቅሙ ነው። ድሮ እንስራ ነበር፤ አሁን ጣሳ ሆኗል። ጣሳም ሲሞላ ሞላሁ ነው የሚለው።”

“ምን አግኝቶት ነው?”

“ምንም። ብዙ ሰው ተነጋግሮበታል። ሲሞላ ሲያልቅ፣ ሲሞላ ሲያልቅ ነው የኖረው። ደግሞ ሙቀት አለ። ሙቀት ከውስጥ ነው የሚበላው፤ ከላይ አይታወቅም።”

“በቃ ቀይረው።”

ኑረዲን ራሱን ነቀነቀ። “ክዳኑን ከፍቼ ማየት እችላለሁ። ባትሪው ግን ከስክሪኑ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ልንቀለው ብል ሁሉንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ወላሂ እጄን አላስገባም። እንዲሁ ተጠንቅቃ ብትይዘው ይሻላል።”

ይመር ይህንኑ ነገር ከጥቂት ቀን በፊት ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ሰምቶታል።

“እንግዲህ ሌላ ፈልግላታ” አለው ኑረዲን።

“ሌላ ከየት ይገኛል?” አለ ይመር። አነጋገሩ ስለ ስልክ የሚያወራ ሰው አልመስል ስላለው ኑረዲን ቀና ብሎ አየው፤ ምንም ግን አልጠየቀውም።

ደጅ የሺመቤት ከማታውቀው አንድ ሽማግሌ ጋር ሰላምታ ጀምራ ልጆቻቸውን እስከ መጠየቅ ደርሳለች።

“ይህን ቁጥር እሷ ታየዋለች?” አለ ይመር።

“እዚህ ከገባች ታየዋለች።”

“ከፍ ማድረግ አይቻልም?”

“ባትሪውን?”

“ቁጥሩን።”

ይህ በስልክ ጠጋኞች ዘንድ የታወቀ ሥራ ነው። አሮጌ ስልክ የሚሸጥ ሰው ሲመጣላቸው፣ ከባትሪው ጋር የሚያገናኟት አንዲት ትንሽ ማሽን አለች፤ በሷ መቶ ብለው ይጽፉበታል። ስልኩ የተጻፈለትን ያምናል፤ ገዢው ደግሞ ስልኩን ያምናል። ኑረዲን ይህን ሥራ ይሠራል፤ አይኮራበትም።

“ይቻላል” አለ። “ግን እኔ ይህን የማደርገው ለሚሸጥ ሰው ነው። ለራሱ ለሚይዝ ሰው አድርጌ አላውቅም።”

“እንዳትሸበር ብዬ ነው። ደስ ይበላት። በአላህ፣ ኑረዲን።”

ደስ ይበላት ተብሎ በዚህ አገር ስንት ነገር ተደርጓል! ኑረዲንም ሰው ነውና ማሽኗን አወጣ።

ስልኩን ሲያስረክባት የጥንቃቄውን ነገር ነገራት። ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ እስኪጠፋ ድረስ አያድክሙት፤ ከሞላ በኋላ ገመዱ ላይ አይርሱት፤ ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ የማይፈልጉትን እየከፈቱ አይተዉት፣ ከጀርባ ሆኖ ይበላብዎታል። የሺመቤት በጥሞና ሰማችው። ከዚያ “ለመሆኑ ጤንነቱ እንዴት ነው?” አለች። ኑረዲን መልስ ከመስጠት ይልቅ ገጹን ከፍቶ አሳያት። መቶ ይላል።

ፊቷ በራ። ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ አፍንጫውን ሲያሽ አይታዋለች፤ ግን ሰው ለሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ማሽን ምን አገባውና ይዋሻል? ስልኩ ምንም እንዳልሆነ ካወቀች፣ እሷም ምንም እንዳልሆነች ማመን ቀለላት። ሆስፒታል ተቀምጣ የቆረጠችውን የስልክ ጥሪ ለሐምሌ አስተላለፈችው። ሐመልማል ተመርቃ ስትመጣ፣ ፊት ለፊት፣ እጇን ይዛ ቃሏን ልታነሳ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አያምርም ብላ አሰበች። ጊዜ አለ።

ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐኪሙንና የኑረዲንን ምክር አቀላቀለው። “እታለም፣ ፀሐይ ላይ አትቀመጪ። እስኪያልቅብሽ አትጠብቂ፣ ቀደም ብለሽ አረፍ በይ። አንዴ ብዙ ከመሙላት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይሻላል” ይላታል።

“አንተ ልጅ፣ ማንን ነው የምትመክረው? እኔን ነው ስልኩን?”

“ሁለታችሁንም” ብሎ ይስቃል። ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ያለቅሳል። ተሳፋሪው ሞልቶ ረዳቱ ጣራውን ሲደበድብለት ነው ዓይኑን ጠርጎ ሞተር የሚያስነሳው።

መቶ አለኝ ያለ ሰው አይቆጥብም። የሺመቤት በመጋቢትና በሚያዝያ ያላትን ለመንገደኛው ሁሉ አደለችው። የተጣሉ ልብስ ሰፊዎችን በስልክ አስታረቀች። ወረባቦ ያለች አክስቷ ስለ አንድ የድንበር ክርክር ከጠዋት እስከ ምሳ ስትነግራት ሰማች። የሩቅ ዘመድ ለቅሶ ላይ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ሆነች፤ የማታውቀው ሰርግ ላይ ወጥ ቀማሽ ሆነች። ስልኩ ከሰዓት በኋላ መጥፋቱን አልተወም። “ቁጥሩ መቶ ነው፤ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?” ትላለች። “ኔትወርክ ነው” ይላታል ይመር። ትንፋሿ ደረጃው ላይ መቆራረጡንም አልተወም። “ቫይታሚኑን እየዋጥኩ ነው፤ ታዲያ ምን ሆኜ ነው?” ትላለች። “ዳገቱ ነው” ይላታል። ደሴ ከተማ ለዚህ ሰበብ ትመቻለች፤ ዳገት አላጣችም።

አንዳንዴ ሐመልማል ስትደውል የየሺመቤት ስልክ ጠፍቶ ይገኛል። ስታነሳው ደግሞ ያችው “ደህና ነሽ?” “ደህና” ናት። እናቲቱ ለሐምሌ ያስቀመጠችውን ቃል በልቧ ታገላብጠዋለች፤ እንዴት እንደምትጀምረው፣ የት ላይ እንደምታለቅስ ሳይቀር። ለልጇ ከዚህ በቀር ምንም አላስቀመጠችላትም። ለሌላው ሁሉ ሰጥታ ስትመለስ ደክማ ነው የምትተኛው።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ስልኩ ጮኸ። ፎቶ ነው። ሐመልማል የምርቃት ጋዋን ስትለካ ጓደኛዋ ያነሳቻት። ኮፊያው ትልቅ ሆኖባት እስከ ቅንድቧ ወርዷል፤ ከስታለች፤ ፈገግ ልትል ሞክራ ግማሽ ላይ ትታዋለች። ከሥሩ ምንም አልጻፈችም። የሺመቤት ፊትሽን እንዳላይ ያለችውን ፊት በጣቷ እያሰፋች አየችው። ግንባሯ ላይ በሕፃንነቷ ከደረጃ ስትወድቅ የቀረው ጠባሳ አለ። ዓይኗ ሥር ደግሞ አዲስ ጥቁረት አለ፤ ይህን ማን ሳያየው ነው የመጣው? ሐምሌን መጠበቅ አቃታት።

ደወለች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ግን ስልኩ ብዙ አለ ይላል፤ ጤንነቱም መቶ ነው። ስለዚህ አልቸኮለችም። ሐመልማል ስታነሳ እንደ አገሯ ወግ ጀመረች። የጅማን ዝናብ ጠየቀች፤ የክፍል ጓደኞቿን በየስማቸው ጠየቀች፤ ምግቡን፣ ውኃውን፣ ጉንፋኑን። ልጅቷም ከረጅም ጊዜ በኋላ የእናቷን ረጅም ሰላምታ ስትሰማ ድምጿ እየለሰለሰ መጣ። አንዴ ሳቀች እንኳ። የሺመቤት ይህን ሳቅ ስትሰማ አሁን ነው ብላ አሰበች። መጋረጃውን ጨበጠች።

“ሐመልማል፣ ያን ቀን፣ ፊትሽን እንዳላይ ያልኩሽ…”

ስልኩ ድርግም አለ።

ነካችው፤ አልተነሳም። በቀሚሷ ጠርጋ ነካችው። አሁን ልጇ ጅማ ላይ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ የሰማችውም ያንኑ ክፉ ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ። ከጎረቤት ስልክ ልትለምን አስባ ነበር፤ ነገር ግን የልጇን ቁጥር በቃሏ አታውቀውም፤ ቁጥሩ ያለው የሞተው ስልክ ውስጥ ነው። ኑረዲን ጄኔሬተር አለው፤ እሑድም አይዘጋም። ነጠላዋን ደረበችና ወጣች።

ዳገቱ ላይ መጀመሪያ አንድ ግንብ ተደግፋ ቆመች። ከዚያ የተዘጋ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ያወቃት ሁሉ ሰላም ይላታል፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ አልመለሰችም። እጇን ብቻ አነሳች። ኑረዲን ሱቅ ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ኑረዲን ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ያዛት።

“እትዬ፣ ምነው? ባጃጅ ልጥራ? ሐኪም ጋ እንሂድ።”

“ስልኩን ሰካልኝ። ይመርን ጥራልኝ።”

ይመር መነኻሪያ ወረፋ ይዞ ነበር፤ ወረፋውን ትቶ መጣ። ሲገባ እህቱ በርጩማው ላይ ሳይሆን ከመስታወት ባንኮኒው ወዲያ፣ በኑረዲን ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ትንፋሿ ትንሽ ተመልሷል። ጄኔሬተሩ ደጅ ይጮኻል።

“ወንድምዓለም” አለችው፣ “ይህ ባትሪ እውነት መቶ ነው?”

ስልኩን ከገመዱ ሳትነቅል በመዳፏ ላይ መዘነችው።

“እኔ ክር ነጋዴ ነኝ። ጥቅሉ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ልክ ካልሆነ ሳነሳው በእጄ አውቀዋለሁ። ይሄንንም አውቄው ነበር። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት።” የይመር እጅ ወደ ፊቱ ሲሄድ አየች። “እጅህን አውርድና ንገረኝ።”

“መቶ አይደለም፣ እታለም።”

“ስንት ነው?”

“ያኔ ስልሳ ነበር። አሁን ከዚያም ይቀንሳል።”

“ባለሙያው ሌላ ምን አለህ?”

ይመር ኑረዲንን አየ። ኑረዲን ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ የትኛው ባለሙያ እንደተጠየቀ ገብቶታል። የካቲት ላይ “ሌላ ከየት ይገኛል?” የተባለውም አሁን ገባው።

“አይከፈትም አለ” አለ ይመር። “ቢከፈት ሁሉንም ይዞ ይሄዳል አለ።”

“እስከ መቼ ይቆያል አለ?”

“ከተጠነቀቁለት…” ይመር እግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። “ክረምቱን ላይጨርስ ይችላል አለ።”

የሺመቤት ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ያለቀሰው ይመር ነው፤ መሬት ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ፣ ያን ሁሉ ወር በመሪው ላይ ያለቀሰውን እሷ ላይ አለቀሰው። ፀጉሩን ዳበሰችው።

“እንዳትሸበሪ ብዬ ነው፣ እታለም። እንዳትሸበሪ ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ። ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ግን ስማኝ። ስልሳ ነው ብትለኝ ኖሮ፣ ስልሳውን ለማን እንደማውለው አውቅ ነበር። መቶ አልከኝ፤ ላገኘሁት ሁሉ አደልኩት። ልጄ ላይ ስደርስ አለቀብኝ።”

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የሚባል አልነበረም። ለይመር ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር። ኑረዲን ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ምንም የማይፈልገውን መፍቻ ይፈልጋል።

“ኑረዲን” አለችው። “ቁጥሩን መልስልኝ።”

“ምን ያደርግልዎታል እትዬ? ባያዩት አይሻልም?”

“የኔን ነገር እኔም ልወቀው።”

ክዳኑን ከፈተ፤ ማሽኗን አገናኘ፤ የጻፈውን ሰረዘ። ገጹ ሲከፈት ከየካቲቱ ያነሰ ቁጥር ወጣ። የሺመቤት ስልኩን ተቀብላ ቁጥሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ይመር ቀና ብሎ አላየም። ከዚያ ስልኩን ለኑረዲን መለሰችለት።

“ከጀርባ ይበላል ያልከኝ የትኛው ነው? አሳየኝ።”

ኑረዲን የተከፈቱትን አንድ በአንድ አወጣላት።

“ይሄ የእድሩ ግሩፕ ነው።”

“ዝጋው።”

“ይሄ ሬዲዮ ነው። ይሄ አክስትዎ የላኩት የድንበሩ ቪዲዮ ነው።”

“ዝጋው። ዝጋው።”

“ብርሃኑንስ ዝቅ ላድርገው?”

“አንድ ፊት የሚያሳየኝን ያህል ተውልኝ።”

ስልኩ ገመዱ ላይ እንዳለ ደወለች። ብዙ ጠራ። ልታነሳ አይደለም ብላ ስትሰጋ ተነሳ። የሚሰማው የለቅሶ ትንፋሽ ብቻ ነው።

“ዘጋሽብኝ” አለች ሐመልማል በመጨረሻ። “ያን ቃል ደግመሽ ዘጋሽብኝ።”

“አልዘጋሁም። ጠፍቶብኝ ነው።” የሺመቤት ሰላምታ አላስቀደመችም፤ ዝናብ አልጠየቀችም፤ ጓደኛ አልጠየቀችም። “ሐመልማል፣ ቃሉ የቁጣ ነው፤ በማግስቱ ቆጭቶኛል። ኩራት ይዞኝ እስካሁን አቆየሁት። አንስቼዋለሁ። ፊትሽን ልየው። ነይ።”

ጅማ ላይ ልጅቷ ማልቀሷን ተወች። የእናቷን ልማድ ታውቃለች፤ እናቷ ሰላምታ ሳታስቀድም ተናግራ አታውቅም።

“ከምርቃቱ በኋላ ነው የምመጣው?”

“አሁን።”

“ፈተና እኮ አለብኝ፣ እማዬ።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “አጎቴን እንዴት ናት ስለው ‘ስልኳም እሷም መቶ ናቸው’ ነበር የሚለኝ። አሁንስ ስንት ይላል?”

ይመር ከመሬት ቀና ብሎ እህቱን አያት። የሺመቤት እጇን ትከሻው ላይ አደረገች።

“ትንሽ ነው የሚለው” አለች። “ግን ሁሉም ያንቺ ነው።”